ዳይቱ ካለቀ በኋላ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ክብደት መቀነስ ከባድ ነው። የቀነሱትን ይዞ መቆየት ግን ይብሳል። ጅማ ውስጥ ደግሞ ቡናው፣ ማሩ፣ አቮካዶው ሁሉ እደጅ ነው። ጎረቤትም «ኑ ቡና ጠጡ» ማለት አይታክተውም። ዳይት ጨርሰው ብዙም ሳይቆዩ ወደነበሩበት የሚመለሱ ሰዎችን ሳይ አዝናለሁ። አብዛኞቹን የሚጥላቸው ስንፍና ሳይሆን የተሳሳተ ምክር ነው።

«ዳይቱ አልቋል፣ አሁን እንደ ድሮው መብላት እችላለሁ»

ከሁሉም የሚጎዳው ይሄ ነው። 85 ኪሎ የነበረ ሰው 72 ሲገባ ሰውነቱ በቀን የሚያቃጥለው ካሎሪም ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሰውነት ያጣውን ስብ ለመመለስ ይታገላል። ጥጋብን የሚያሳውቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ጥናት ይህ ለውጥ ከአንድ ዓመት በኋላም እንዳልጠፋ አሳይቷል። ስለዚህ ከዳይት በኋላ ቶሎ ቶሎ ቢርባችሁ ሆዳም ሆናችሁ ማለት አይደለም። እንደ ድሮው መብላት ግን የ85 ኪሎውን ድርሻ ለ72 ኪሎው ማቅረብ ነው።

«ሁለት ኪሎ ተመለሰ፣ በቃ አለቀልኝ»

አላለቀም። ዳይት ላይ ሳለን በጉበትና በጡንቻ የሚከማቸው ግላይኮጅን የተባለው የስኳር ስንቅ ይሟጠጣል። እንጀራና ዳቦ ስንጨምር መልሶ ይሞላል፤ አንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጭማሪ በአብዛኛው ይሄው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከቁርስ በፊት መመዘን ይበቃል። ለሳምንታት እየጨመረ ከሄደ ያኔ ምግባችሁን ተመልከቱ።

«ቡና አያወፍርም»

ቡናው ራሱ እውነትም አያወፍርም፣ ካሎሪው ከቁጥር አይገባም። ጣጣው ያለው ስኳሩና ቁርሱ ላይ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥተን በየስኒው ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብንጨምር 6 ማንኪያ ይሆናል፤ ወደ 24 ግራም ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል በቀን ከ25 ግራም ገደማ እንዳንበልጥ ይመክራል። ይህ እንግዲህ የአንድ ቤት ቡና ብቻ ነው። ከሰዓት ሌላ ረከቦት አለ።

ከቡናው አትቅሩ። ጅማ ውስጥ ከቡና መቅረት ከሰው መቅረት ነው። ስኳሩን መጀመሪያ ወደ አንድ፣ ከዚያ ወደ ግማሽ ማንኪያ አውርዱት፤ ምላስ ይለምዳል። ለቡና ቁርስም በቅቤ ከራሰ ጨጨብሳ አንድ እፍኝ ቆሎ ይሻላል።

«የጾም ምግብና የተፈጥሮ ነገር ቢበዛም አይጎዳም»

ዘይትም እኮ የጾም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ከጀሪካኑ በዓይን ግምት ሽሮው ላይ ሲፈስ ግን ስንት ማንኪያ እንደገባ ማን ያውቃል? በማንኪያ መስፈር ብቻውን ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ማርም የጫካ ቢሆን ለሰውነት ያው ስኳር ነው። ግማሽ አቮካዶ ከዳቦ ጋር ግሩም ነው። ስኳርና ቪምቶ ተጨምሮበት በትልቅ ብርጭቆ ሲመጣ ግን ሌላ ነገር ነው።

«እንጀራ መተው አለብኝ»

የለባችሁም። ሁለት የነበረው አንድ ይሁን፤ ቦታውን ጎመን፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል ይያዘው። ፕሮቲን ያጠግባል፣ ጡንቻንም ለመጠበቅ ያግዛል።

«ስፖርት የሚያስፈልገው እስክከሳ ነው»

እንዲያውም የበለጠ የሚያስፈልገው ከከሱ በኋላ ነው። ለጤና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ይመከራል፤ የቀነሱትን ለመጠበቅ ደግሞ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። እዚሁ ጅማ ከፈረንጅ አራዳ እስከ መርካቶ በባጃጅ የምትሄዱትን በእግር አድርጉት። ቅዳሜ ወይ እሁድ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዳገቱን ውጡ።

«ከስቻለሁ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቴን ላቁም»

በራሳችሁ አታቁሙ። መጠኑ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል፣ ያንን የሚወስነው ግን ለክቶና መርምሮ ሐኪሙ ነው።

«ምነው ከሳሽ? ታመሽ ነው?»

ይሄ ከፍቅር የሚመጣ ነው። «በሞቴ ይህቺን ብቻ» ተብሎ ጉርሻ ሲከተል እምቢ ማለትም ይከብዳል። ግን ወፈር ማለት ጤና አይደለም። አንዷን ጉርሻ ተቀበሉ፣ ለሁለተኛዋ «ጠግቤያለሁ፣ ይስጥልኝ» በሉ። ሳትሞክሩ ክብደታችሁ መውረዱን ከቀጠለ ግን ጥያቄያቸውን በቁም ነገር ወስዳችሁ ሐኪም ዘንድ ታዩ።