ማጣቀሻ የድንጋይ ናሙና ምንድን ነው? የመዳብ ልኬትስ ከቤተ ሙከራ ቤተ ሙከራ ለምን ይለያያል?

ከጢስ ዓባይ ዳር አንድ ጥቁር ድንጋይ አንስታችሁ፣ አድቅቃችሁ ለሦስት ቤተ ሙከራዎች ብትልኩ ስለ መዳቡ ሦስት ቁጥር ሊመጣላችሁ ይችላል። እያንዳንዱ ቤተ ሙከራ አምስት ጊዜ ለክቶ አምስቱም ተቀራራቢ ሆነውለት ይሆናል። ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴም መቶ ጊዜ ቢመዝን ያንኑ ነው የሚያገኘው።

ማጣቀሻ ናሙና ይህን መዛባት የሚያጋልጥ የታወቀ ድንጋይ ነው። አንድ ዐለት በብዛት ይደቅቃል፣ እኩል ይደባለቃል፣ በጠርሙስ ይከፋፈላል፤ ከዚያ ብዙ ቤተ ሙከራዎች በተለያየ ዘዴ ይለኩትና የንጥረ ነገሮቹ መጠን ከነስሕተት ወሰኑ ይጻፍለታል። የመጀመሪያዎቹ ታዋቂ ጥንድ የአሜሪካው ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ያዘጋጃቸው ጂ-1 (የዌስተርሊ ግራናይት፣ ሮድ አይላንድ) እና ደብልዩ-1 (የሴንተርቪል ዲያቤዝ፣ ቨርጂንያ) ናቸው። በ1951 የወጣው ውጤታቸው ባለሙያውን አስደንግጧል፤ ያው ዱቄት በየቤተ ሙከራው እጅግ የተራራቀ ቁጥር ሰጥቶ ነበር። ዛሬ የጂ-1 መዳብ 13 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 13 እጅ) ያህል፣ የደብልዩ-1 ደግሞ 110 ያህል ተደርጎ ይወሰዳል።

ለጣና ዙሪያ ባዛልት፣ ማለትም ለዚያ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የሚቀርበው ግራናይቱ ሳይሆን እንደ ቢኤችቪኦ-2 ያለ የሃዋይ ባዛልት ነው፤ የመዳቡ መጠን 127 ± 7 ፒፒኤም ተብሎ ተመዝግቧል። የምትመርጡት ማጣቀሻ በማዕድኑም በመዳብ መጠኑም የእናንተን ድንጋይ ቢመስል ነው የሚጠቅማችሁ።

ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከማሽኑ በፊት ነው። የናስ ወንፊት ተጠቅማችሁ፣ ከመቶ 65 ያህል መዳብ ያለው 1 ሚሊግራም የናስ ብናኝ 100 ግራም ዱቄት ውስጥ ቢገባ 6.5 ፒፒኤም ጨመራችሁ ማለት ነው። ይህን ያህል ስሕተት በቤተ ሙከራዎች መካከል የሚጠበቀውን መለያየት በሚገምተው የሆርዊትዝ ቀመር ብትመዝኑት፣ 127 ፒፒኤም ላይ ዜድ ነጥቡ (ስሕተቱ ከሚጠበቀው መለያየት ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር) 0.7 ብቻ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም። 13 ፒፒኤም ላይ ግን 4.6 ይሆናል፤ እስከ 2 ድረስ ጥሩ፣ ከ3 በላይ ውድቅ ነው። የናይለን ወንፊትና የአጌት (ጠንካራ የድንጋይ ዓይነት) ሙቀጫ የሚታዘዙት ለዚህ ነው።

ቀጥሎ ማሟሟቱ አለ። በአኳ ሬጂያ (የሃይድሮክሎሪክና የናይትሪክ አሲድ ድብልቅ) የሚሠራ ቤተ ሙከራ የድንጋዩን ሲሊኬት ማዕድናት አይሰብርም፤ ከእነሱ አንዱ በሆነው ፓይሮክሲን ውስጥ የተቀመጠው መዳብ እዚያው ይቀራልና ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ሙሉ መጠኑን የሚሰጠው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ነው፤ በቴፍሎን ዕቃ፣ በጭስ ማውጫ ቁምሳጥን፣ አሲዱ ቢያቃጥል የሚቀባው ካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በአጠገብ ተዘጋጅቶ። ፍሎራይዱን እስኪደርቅ አትንናችሁ ካላስወገዳችሁ፣ በባዛልቱ ያለው ካልሲየም ነጭ ደለል ሆኖ መዳብ ይዞ ይቀራል። ሌላም የኛ አገር ጉዳይ አለ፦ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። «በፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት» የሚል የባሕር ጠለል መመሪያ እዚህ ቃል በቃል አይሠራም፤ ቴርሞሜትር ያለው ማሞቂያ ይሻላል።

ከዚያ ሒሳቡ። 0.25 ግራም በ50 ሚሊሊትር ከተሟሟ 200 እጥፍ ቀጠነ ማለት ነው። 50 ፒፒኤም ያለው ድንጋይ በሊትር 0.25 ሚሊግራም ብቻ ያሳያል፤ ድንጋይ ያልገባበት ባዶ መሟሟት 0.01 ካነበበ ያ ብቻውን 2 ፒፒኤም ነው። ባዶውን ሳይለኩ መቀነስ አይቻልም፤ የሚዘለለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ማሽኑም የራሱ ወጥመድ አለው። መዳብ በሚመጠው ብርሃን በሚለካው አቶሚክ አብዞርፕሽን በ324.8 ናኖሜትር ማንበብ ቀላል ነው፤ በጥቂት ፒፒኤም ላይ ግን ምልክቱ ይደክማል። አቶሞችን በክብደታቸው በሚለየው አይሲፒ-ኤምኤስ መዳብ በክብደት ቁጥር 63 ላይ ሲነበብ አርጎን 40 ከሶዲየም 23 ጋር ተጣብቆ ልክ 63 ይሆናል። መዳብ 65 ላይ ደግሞ ታይታኒየም 49 ከኦክስጅን 16 ጋር ይገባል፤ ባዛልት ታይታኒየም አያጣም። ስለዚህ ሁለቱንም አንብቡ፤ ካልተስማሙ የሚያስመስል ነገር አለ።

ዱቄቱም ፍጹም አይደለም። አንድ 0.1 ሚሊሜትር የቻልኮፓይራይት (መዳብ ያለበት ማዕድን) ቅንጣት 0.25 ግራም ውስጥ ቢገባ 3 ፒፒኤም ይጨምራል። ለዚህ ነው ከአንድ ጠርሙስ ቢያንስ ሦስት ለየብቻ የተመዘነ ናሙና የሚሟሟው፤ አንዱን መፍትሔ ሦስቴ ማንበብ ይህን አያሳይም።

ማጣቀሻውን ከ10 ናሙና መሐል አንድ አድርጋችሁ፣ ስሙን ደብቃችሁ አስገቡት። ጠርሙሱን ከመክፈታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ ገለባብጡት፤ በምስክር ወረቀቱ እንደታዘዘው፣ ብዙ ጊዜ በ105 ዲግሪ 2 ሰዓት፣ የሚመዘነውን ክፍል ብቻ አድርቁ፤ የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ አትመልሱት።