ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ (እና የሚያዝያ 27 ነገር)

ባለፈው እዚህ አዳማ ቡና ላይ ተሰብስበን፣ አከራዩ በየስድስት ወሩ ኪራይ ሲቆልልበት የከረመው የሰፈራችን ልጅ ኮንዶሚኒየም ደረሰው ሲባል አንድ ጋሼ "ቀን ሲደርስ አምባ ይፈርስ!" አሉ፣ ትንሿ እህቴ ደሞ "አምባ ምንድነው፣ አምባሻ ነው?" ብላ አሳቀችን።

አምባ ማለት ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፣ ድሮ መሳፍንቱ የሚመሽጉበት፣ መውጫው አንድ ወይ ሁለት ብቻ ስለሆነ በጦር የማይደፈር። ስለዚህ አባባሉ የማይነካ የመሰለ ሁሉ ጊዜው ሲደርስ ይወድቃል ነው። "ይፈርሳል" ያልተባለው "ሲደርስ" ከሚለው ጋር ቤት እንዲመታ ነው፣ ተረት ሰዋሰው አይፈራም።

ለኔ ግን ይሄን አባባል እንደ ሚያዝያ 27 የሚያስረዳ የለም። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በዚሁ በኛ ሐዲድ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፣ በሦስተኛው ቀን ሚያዝያ 27 የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ፣ ሞሶሎኒም በዛው ቀን ማታ ሮም ላይ አለቀ ደቀቀ ብሎ ፎከረ። ከዛ ልክ በአምስት ዓመቱ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ጃንሆይ አዲስ አበባ ተመልሰው ገቡ። ያው ቀን! ግን አባባሉን ቁጭ ብለህ ጠብቅ ብለው የሚተረጉሙት ያናድዱኛል፣ አርበኛው አምስት ዓመት ዱር ባያድር ቀኑ ከየት ይደርስ ነበር?

ደርግ ደሞ የድል በዓሉን ከሚያዝያ 27 ወደ መጋቢት 28 ወሰደው፣ አዲስ አበባ ከጣሊያን እጅ የወጣችበት ቀን ነው ብሎ፣ በኋላ ወደ 27 ተመለሰ። የሚያስቀው ሚያዝያ 27 በፈረንጅ ሜይ 5 ነው፣ ካርል ማርክስ የተወለደውም ሜይ 5 1818 ነው፣ ሐውልት ያቆሙለትን ሰውዬ ልደት ነው እኮ ከበዓል ዝርዝር ያወጡት 😀 (ለሚከራከሩኝ፣ አውቃለሁ፣ ማርክስ በተወለደበት ዘመን በኛና በፈረንጅ መሃል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ስለሚያንስ በኛ 28 ይውላል። ዓድዋም እኮ በፈረንጅ ማርች 1 ተዋግተን አሁን ማርች 2 ላይ የምናከብረው በዚሁ ምክንያት ነው፣ በኛ ግን ያው የካቲት 23።)

ጋሼ ይሄን ሁሉ ሲሰሙ ቆይተው አንድ ነገር ጨመሩ፣ ጃንሆይ በገቡ በሁለት ሳምንት ገደማ የጣሊያኑ እንደራሴ ዱካ ዳኦስታ እጁን የሰጠው የት መሰላችሁ? አምባላጌ ላይ።

እህቴ "እና ፈረሰ?" አለች።

"ተራራውማ እዛው አለ" አሏት፣ ሦስተኛውን ስኒ እየተቀበሉ።