ሲኔክሪቲር ምንድን ነው?

ፊልም አይተን ስንወጣ «ስክሪፕቱ አሪፍ ነው» እንላለን። ፈረንሳዊቷ ዳይሬክተር አግነስ ቫርዳ ግን በዚህ ብቻ አትረካም ነበር። በእሷ እምነት ፊልም ወረቀት ላይ ተጽፎ አያልቅም። የቦታው መረጣ፣ የካሜራው አካሄድ፣ ብርሃኑ፣ የኤዲቲንጉ ፍጥነት፣ ዝምታው ሳይቀር የጽሑፉ አካል ነው። ይህን ሁሉ ጠቅልላ ሲኔክሪቲር አለችው፤ በካሜራ መጻፍ እንደማለት።

«ታዲያ ይሄን የማያደርግ ዳይሬክተር አለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ሁሉም ይመርጣል። የቫርዳ ምርጫ ግን ትርጉም የሚሸከም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራችውን «ሳን ቷ ኒ ልዋ» እንውሰድ። ሞና የምትባል ቤት አልባ ወጣት በክረምት ብርድ ቦይ ውስጥ ሞታ ትገኛለች። ፊልሙ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሞና ስትጓዝ ካሜራው ጎን ለጎን ይከተላታል፣ ግን ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ፈረንሳይኛ እንደኛው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል፤ ልጅቷ ስለዚህ የምትሄደው ዓይን ከለመደው አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ደግሞ ካሜራው አብሯት አይቆምም። ጥሏት ያልፍና የሆነ ዕቃ ላይ ያርፋል። ከደቂቃዎች በኋላ የሚመጣው ቀጣዩ ጉዞ በሚመሳሰል ነገር ይጀምራል። ስለ ብቸኝነቷ ማንም ምንም አይናገርም፣ አያስፈልግምም። ፊልሙ በቬኒስ ፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ ወስዷል።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ራሱ ይጽፋል። በ1970ዎቹ ልጇ ሕፃን ስለነበር ከቤት መራቅ አልቻለችም። ከቤቷ የኤሌክትሪክ ገመድ ሳበች፤ ገመዱ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ ሄዳ የሰፈሯን ባለሱቆች ቀረጸች። «ዳጌሬዮታይፕ» የተባለው ዘጋቢ ፊልም እንዲህ ተወለደ።

የእኔ ተወዳጅ ግን በ2000 ስለ ቃራሚዎች የሠራችው ነው። በትንሽዬ ዲጂታል ካሜራ ስትቀርጽ መዝጋቱን ረሳችው። ካሜራው ቁልቁል ተንጠልጥሎ መሬቱን ይቀርጻል፣ የሌንሱ ክዳን ደግሞ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ሌላው ቢሆን ቆርጦ የሚጥለው ነው። እሷ ጃዝ አጀበችበትና «የክዳኑ ጭፈራ» አደረገችው። ከተጣለው መካከል የሚጠቅመውን መልቀም፣ ቃርሚያ ማለት ይኸው አይደል!

ቫርዳን አይታችሁ የማታውቁ ግን በ1962ቱ «ክሌኦ ከ5 እስከ 7» ጀምሩ። አንዲት ዘፋኝ የሕክምና ውጤቷን እስክትሰማ ድረስ ፓሪስን ስትዞር ነው። ንግግሩ ካልገባችሁ ፊልሙ ውስጥ የሚታዩትን ሰዓቶች ተመልከቱ።