ወጌሻ ምንድን ነው?

ሐዋሳ ስታዲየም ውስጥ ተጫዋች ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ሲይዝ ከተመልካቹ መካከል የሚሰማው ጩኸት አንድ ነው፦ «ወጌሻ!» ጨዋታውን በሬዲዮ የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛም «የቡድኑ ወጌሻ ወደ ሜዳ ገብቷል» ይላል። ሮጦ የሚገባው ሰው ቱታ የለበሰ፣ በረዶና ፋሻ የያዘ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ብዙ ጊዜም በፊዚዮቴራፒ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ከስታዲየሙ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ ተጉዘን አንድ ግቢ ጓሮ ብንገባ ደግሞ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሰው እግር ጭናቸው ላይ ያጋደሙ ሽማግሌ እናገኛለን። እሳቸውም ወጌሻ ናቸው። በረዶ የላቸውም፤ ያላቸው ለጋ ቅቤ፣ የተቀደደ ነጠላና አውራ ጣት ነው።

ቃሉ ሁለቱንም ያለ ቅሬታ ይሸከማል። በደንበኛ ትርጉሙ ግን ወጌሻ ማለት ከአባቱ ወይም ከዘመዱ በወረሰው ልምድ የተሰበረ አጥንት የሚያስር፣ የወለቀ መገጣጠሚያ ወደ ቦታው የሚመልስ፣ የተጎዳ ጅማት የሚያሽ ሰው ነው። ጥርስ የሚነቅለውና ዋግምት የሚያደርገውም በዚሁ ስም የሚጠራበት አካባቢ አለ። ከመድኃኒት አዋቂው የሚለየው ቅጠል ባለመበጠሱ፣ ከልምድ አዋላጇ የሚለየው በሥራው ዓይነት ነው፤ የወጌሻ ሙያ በመሠረቱ የእጅ ሙያ ነው። በኦሮምኛ «ኦጌሳ» ባለሙያ ማለት ሲሆን የጤና ባለሙያም «ኦጌሳ ፈያ» ይባላል። ከሻሸመኔ በኩል የሚመጣ እንግዳ የእኛን «ወጌሻ» ሲሰማ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

ወጌሻ ዘንድ የሚያደርሱት ጉዳቶች በተራ አማርኛ ሦስት ስም አላቸው፤ ወለምታ፣ ውልቃት፣ ስብራት። ወለምታ ጅማት ሲለጠጥ ወይም በከፊል ሲበጠስ ነው። ውልቃት አጥንት ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ስብራት ስብራት ነው። ችግሩ ከላይ ሲታዩ ሦስቱም ያበጠና የሚያም ሥጋ መሆናቸው ነው። የሠለጠነ ጣት ብዙ ነገር ያውቃል፤ አጥንት ሲንቋቋ ይሰማዋል፣ ከመስመር የወጣውን ይለያል። የተሰነጠቀውንና ያልተነቃነቀውን አጥንት ግን ከወለምታ መለየት ለጣት ከባድ ነው። ይህን በራሴ እጅ አውቀዋለሁ።

በ1999 ዓ.ም.፣ ሐዋሳ ከተማ ለሁለተኛ ጊዜ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ባነሳበት ዓመት፣ ከሐይቁ ዳር ስመለስ ከብስክሌት ወደቅሁ። እናቴ የወሰደችኝ የሰፈራችን ወጌሻ ዘንድ ነበር። አንጓዬን በቅቤ አርሰው በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ሲሄዱበት ቆዩና «ወለምታ ነው፤ አትፍሪ» አሏት። ሁለት ማታ ታሸሁ፤ የእናቴን ነጠላ ጥርሴ ውስጥ ከትቼ። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ አልጎድል ሲል ሆስፒታል ሄድን፤ ራጁ ላይ የክንዴ አጥንት አንጓው አጠገብ ተሰንጥቋል። ሐኪሙ ፊልሙን እያየ «ማነው ያሸው?» ብሎ ተቆጣ። እናቴ ወደ መሬት አየችና «ማንም» አለች። ጀሶ ታሰረልኝ፤ እጄ ዳነ፤ አንጓዬ ትንሽ ጠመም ብሎ ቀረ።

ከዚያ ሁሉ ይልቅ ያቺ «ማንም» የምትለው ቃል ትከነክነኛለች። የባህል ሕክምናና የሆስፒታል ግንኙነት ሲባል ብዙ ሰው ስብሰባና ሰነድ ይታየዋል። በተግባር ግን በሁለቱ መካከል የሚመላለሰው በሽተኛው ብቻ ነው። እሱም ለአንዱ የሌላውን አይናገርም። ሐኪሙ ያበጠው ከመታሸት ይሁን ከስብራቱ ሳያውቅ ይወስናል፤ ወጌሻውም ያሸው አጥንት ኋላ ምን እንደሆነ ሳይሰማ ይኖራል። ስህተቱ ተመልሶ ካልመጣለት ደግሞ ከምን ይማራል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ወጌሻ ለምን ይሳካለታል? መልሱ ወጌሻውንም ሐኪሙንም ትንሽ ዝቅ የሚያደርግ ነው፤ የሚያድነው አጥንቱ ራሱ ነው። አጥንት ደም የሚመላለስበት ሕያው አካል ነው። ሲሰበር በስብራቱ ዙሪያ ደም ይቋጠራል፤ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ቋጠሮው ለስላሳ ድልድይ ይሆናል፤ ከዚያ ካልሲየም እየገባበት ይጠነክራል። የአዋቂ ሰው የእጅ አንጓ 6 ሳምንት ገደማ፣ የጭን አጥንት 3 ወርና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ የልጆች ከዚህ በጣም ያጥራል። የሆስፒታሉ ጀሶ (ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደን የራሳችን አድርገነዋል) እና ከሲዳማው ሁላ ደጋ የሚወርደው የቀርከሃ ስንጥር ሥራቸው አንድ ነው፤ አጥንቱ ሥራውን እስኪጨርስ እንዳይነቃነቅ መያዝ። በደንብ የታሰረ ቀላል ስብራት ወጌሻ ዘንድም ይድናል። ምስጋናውን ግን ሁልጊዜ የሚወስደው ያሰረው ነው።

አንድ ነገር ይጨመርበት። አጥንት ለመግጠም እንጂ ቀጥ ብሎ ለመግጠም አይጨነቅም። ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ከቆዩ ተደራርበው ይጋጠማሉ፤ እግሩም ያጥራል። ስብራቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ ወይም አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ከወጣ ደግሞ ነገሩ ከማሰር ያልፋል። ቁስሉ ታጥቦ ካልጸዳ አጥንቱ ያመረቅዛል፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱም ያለ ብረት አይቆምም። እዚህ ላይ ወጌሻና ሐኪም እኩል ናቸው የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም።

ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ማሰሪያው ላይ። ክንዳችንና ባታችን ውስጥ ጡንቻዎቹ በማይለጠጥ ጠንካራ ስስ ሽፋን በክፍል በክፍል ተጠቅልለው ነው ያሉት። ስብራት ሲኖር ውስጡ ያብጣል፤ እብጠቱም በመጀመሪያው አንድና ሁለት ቀን ይጨምራል። ስለዚህ ጠዋት ልክ የነበረ ማሰሪያ ማታ ማነቆ ይሆናል። ግፊቱ ሲበረታ ደም ወደ ጡንቻው መግባት ያቆማል፤ ደም ያጣ ጡንቻ ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ካለፈው የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ከቆየም ይሞታል፤ ይጠቁራል፤ መቁረጥ ይመጣል። የሐኪሞቹ ጽሑፍ ለዚህ «የወጌሻ ጋንግሪን» የሚል ስም እስከ መስጠት ደርሷል።

በተለይ ልጆች። ከአቮካዶ ዛፍ ወይም ከአጥር ላይ በእጁ ተደግፎ የወደቀ ልጅ ከክርኑ ትንሽ ከፍ ብሎ ሊሰበር ይችላል። ክንድን የሚመግበው ዋናው የደም ሥር የሚያልፈው ልክ በዚያ ፊት ለፊት ነው። እዚያ ላይ ጠበቅ ያለ ማሰሪያ ሲጨመር ሁለት ማነቆ ሆነ ማለት ነው። ምልክቱ እያደር የሚብስ፣ በማስታገሻም የማይመለስ ሕመም ነው፤ የልጁን ጣቶች ቀስ ብለው ሲዘረጉለት ይጮኻል፤ ጣቶቹ ይደነዝዛሉ፣ ይገረጣሉ፣ ይቀዘቅዛሉ። እኛ ቤት ደግሞ የለመድነው መልስ አለ፦ «አጥንቱ እየገጠመ ነው፤ ቻል አድርገው!» የብዙ ልጅ እጅ በዚህ ዓረፍተ ነገር ሳይጠፋ አልቀረም ብዬ እፈራለሁ።

ፍርድ እንዳናጓድል ግን ጀሶም ያንቃል። ጀርመናዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሪቻርድ ፎን ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 እንደ ጥፍር ተኮማትሮ የሚቀረውን እጅ ሲገልጽ ምክንያት አድርጎ ያነሣው ከልክ በላይ የጠበቀን ፋሻ ነበር። እነዚያን ፋሻዎች ያሰሩት ወጌሾች አልነበሩም። ልዩነቱ የዛሬው ሐኪም ጀሶ ሲያስር «ጣቶችህ ካበጡ ወይም ከደነዘዙ በሌሊትም ቢሆን ተመለስ» ብሎ መላኩ፣ ጀሶውን የሚቀድበት መጋዝም አጠገቡ መኖሩ ነው።

ታዲያ ሰው ይህን እየሰማ ለምን ወደ ወጌሻ ይሄዳል? «ባለማወቅ» የሚለውን መልስ አልወደውም፤ የተማረውም ይሄዳል። ወጌሻው ዛሬውኑ ያይሃል፤ ካርድ፣ ራጅና ወረፋ የለም። ክፍያውን ብዙ ጊዜ ሲሻልህ ይቀበላል። እግርህን ይዞ እያሸ እያወራህ ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ ሆስፒታል ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እጅህን የያዘህ ሰው መቼ ነበር? ከሁሉ በላይ ደግሞ ፍርሃት አለ፤ «ሆስፒታል ከሄደ ይቆርጡታል»። ይህ ፍርሃት ራሱን የሚመግብ ነው። ሰው መቆረጥን ፈርቶ ወጌሻ ዘንድ ይቆያል፤ ማሰሪያው ያንቀዋል፤ ጠቁሮ ሆስፒታል ይደርሳል፤ ያኔ ሐኪሙ ሕይወቱን ለማትረፍ ይቆርጣል። ጎረቤት የሚያየው የመጨረሻውን ብቻ ነው፦ «ሆስፒታል ሄደ፤ ቆረጡት»። የሚቀጥለው ሰው ሲወድቅ ወዴት እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

የእኛን ጉዳይ ልዩ አድርገን እንዳናየው ወደ እንግሊዝ ልሻገር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚያም ወጌሾች ነበሩ፤ ሐኪሞችም ይንቋቸው ነበር። ታዋቂው ሐኪም ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1867 ወጌሾች ስለሚያድኗቸው ሕመምተኞች ንግግር ሲያደርግ ባልደረቦቹ የወጌሾቹን ጉዳት ብቻ ሳይሆን የሚጠቅመውንም አይተው እንዲማሩ መክሯል። በዚያው ዘመን ሊቨርፑል ውስጥ ኢቫን ቶማስ የሚባል፣ ከዌልስ የወጌሻ ዘር የመጣ ሰው ይሠራ ነበር። ልጆቹን ሕክምና አስተማረ። አንደኛው፣ ሂዩ ኦወን ቶማስ፣ እግርን ሳይነቃነቅ የሚይዝ የብረት ድጋፍ ሠራ፤ የተሰበረ አካል ረዘም ላለ ጊዜ ያለ መነቅነቅ ማረፍ አለበት ብሎም ዕድሜውን ሁሉ ሲከራከር ኖረ። እሱ ያሠለጠነው ሮበርት ጆንስ ያንን ድጋፍ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች አዳረሰ፤ በጭን ስብራት የሚሞተውም እጅግ ቀነሰ። የዛሬው የአጥንት ሕክምና እንዲህ የወጌሻ ልጅነት አለው። ልጁ ግን አባቱን የበለጠው ራጅና ንጹሕ ቢላ ከጨመረ በኋላ ነው።

በእኛ አገር መንግሥት ወጌሻን አልካደም፤ አላቀፈም። እ.ኤ.አ. በ1978 አልማ አታ ላይ የወጣው የመሠረታዊ ጤና አጠባበቅ መግለጫ የባህል ሐኪሞችን እንደ አስፈላጊነታቸው ከጤና ሠራተኞች ጋር ቆጥሯቸዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የጤና ፖሊሲም የባህል ሕክምና ጠቃሚ ጎኖች ተለይተው እንዲበረታቱ ይላል። «ጠቃሚ ጎኖች» የምትለው ሐረግ ውብ ናት፤ ከወረቀቱ ወርዳ ወጌሻው በርጩማ ድረስ ስትመጣ ግን አላየሁም። ጥናቱም ገንዘቡም ይበልጥ ያጋደለው ወደ ዕፅዋት ነው። ቅጠል ላቦራቶሪ ይገባል፤ አውራ ጣት አይገባም።

መንገዱ ሩቅ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያው የአጥንትና የመገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት የተሠራው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። ወጌሾች ተጠርተው የአንድ ቀን ትምህርት ተሰጣቸው፤ ከዚያ በኋላ በማሰሪያ ምክንያት የሚቆረጡ እጆችና እግሮች ቀነሱ። አንድ ቀን! ወጌሻን አጥንት እንዳይነካ መከልከል ማንም አይችልም። ይልቅ ሁለት ነገር ማስተማር ይቻላል፤ የትኛውን ሳይነካ መላክ እንዳለበትና ያሰረውን መቼ መፍታት እንዳለበት።

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ ከባጃጅ ሲወርድ እግሩ ዞረበት። ሆስፒታል ወስደን ራጅ ተነሣ፤ አያቱ ግን ወጌሻ ካላየው አልተኛም አሉ። ከከተማው ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው እግሩን ከመንካታቸው በፊት «ራጁ የታል?» አሉ። እናቱ ከቡናማው ፖስታ አውጥታ ሰጠቻቸው። ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርገው ጥቂት አዩና መለሱላት።

«እኔ ይህን ማንበብ አልችልም፤ ልጄ። ሐኪሙ ምን አለ?»

«አልተሰበረም ነው ያለው፤ አባባ።»

«እንግዲያው ና» አሉት ልጁን። አላሹትም። በእጃቸው ዙሪያውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው በጨርቅ ላላ አድርገው ጠቀለሉለትና አውራ ጣቱን ተጭነው ለቀቁ። ቀለሙ እስኪመለስ አዩ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሩ፦ «ማታ ጣቱ ከቀዘቀዘ ፍቺው። እኔን አትጠብቂ።»