የዝቅተኛ ወጪ ምደባ በሳይፓይ እና በኦአር-ቱልስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሦስት ሾፌሮችና ሦስት ትዕዛዞች አሉ እንበል። እያንዳንዱ ሾፌር ትዕዛዝ ሀ፣ ለ እና ሐ ጋር ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በደቂቃ እንዲህ ነው፦

ሾፌር 1፦ 4፣ 6፣ 11
ሾፌር 2፦ 5፣ 14፣ 12
ሾፌር 3፦ 9፣ 10፣ 13

ለእያንዳንዱ ሾፌር አንድ ትዕዛዝ ብቻ ሰጥቶ የደቂቃዎቹን ድምር የመጨረሻ ትንሽ ማድረግ፤ የዝቅተኛ ወጪ ምደባ ችግር የሚባለው ይህ ነው። በፓይተን የሚሠራ ሰው ሁለት የታወቁ መፍቻዎች አሉት፦ የሳይፓይ (የሳይንሳዊ ስሌት ላይብረሪ) «ሊኒየር ሰም አሳይንመንት» ፈንክሽን እና የጉግል ኦአር-ቱልስ (ምርጥ መፍትሔ የሚፈልግ ላይብረሪ) «ሲምፕል ሊኒየር ሰም አሳይንመንት» ክላስ። ሁለቱም በሚገባ የተፈተኑ ናቸው። የተበላሸ ምደባ ሲወጣ ስህተቱ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ማትሪክሱ (እንደ ከላይኛው ያለው የወጪ ሠንጠረዥ) በተዘጋጀበት ወይም ውጤቱ በተነበበበት መስመር ላይ ነው። እዚህ የተሰበሰቡት አመለካከቶችም በብዛት እዚያ ላይ የሚያደናቅፉ ናቸው።

«ከሁሉ ትንሹን እየመረጡ መሄድ ይበቃል»

አይበቃም። ከላይ ባለው ማትሪክስ ትንሹ ቁጥር 4 ስለሆነ ሾፌር 1 ትዕዛዝ ሀን ይወስዳል። ከቀሩት ትንሹ 10 ነው፤ ሾፌር 3 ለን ይወስዳል። ለሾፌር 2 የሚተርፈው 12 ደቂቃ የሚፈጀው ሐ ብቻ ነው። ድምሩ 26። ትክክለኛው መልስ ግን 24 ነው፦ ሾፌር 1 ለን (6)፣ ሾፌር 2 ሀን (5)፣ ሾፌር 3 ሐን (13) ሲወስዱ። ሾፌር 1 ሁለት ደቂቃ መሥዋዕት አድርጎ ሀን ለሾፌር 2 መልቀቅ ነበረበት፤ ርካሹን ቀድሞ የሚነጥቅ ዘዴ ይህን ማየት አይችልም።

ሁሉንም አማራጭ መፈተሽም መፍትሔ አይሆንም። ሦስት በሦስት ሲሆን አማራጮቹ 6 ብቻ ናቸው፤ ሃያ በሃያ ሲሆን ግን 2,432,902,008,176,640,000 ይደርሳሉ።

«ድምሩ ትንሽ ከሆነ ማንም ብዙ አይጠብቅም»

በ24ቱ ምደባ ውስጥ አንድ ደንበኛ 13 ደቂቃ ይጠብቃል። ሾፌር 1 ሐን (11)፣ ሾፌር 2 ሀን (5)፣ ሾፌር 3 ለን (10) ቢወስዱ ድምሩ ወደ 26 ይወጣል፤ ከ11 ደቂቃ በላይ የሚጠብቅ ሰው ግን አይኖርም። ድምርን መቀነስና ትልቁን መቀነስ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ይህ ፈንክሽን የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሁለተኛውን የፈለገ በማትሪክሱ ያሉትን ወጪዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድር። ከዚያ ዝርዝሩን በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ጣሪያውን፣ ማለትም የሚፈቀደውን ትልቁን ወጪ፣ ይፈልግ፦ ከጣሪያው የማይበልጡትን ጥንዶች ብቻ ይዞ፣ በሳይፓይ «ማክሲመም ባይፓርታይት ማቺንግ» ሁሉም ጥንድ ማግኘት አለማግኘቱን ያረጋግጥ። በእኛ ምሳሌ ጣሪያው 10 ሲሆን ትዕዛዝ ሐን የሚወስድ ሾፌር የለም፤ 11 ሲሆን ይሟላል። በመጨረሻ ከ11 በላይ ያሉትን ከልክሎ ሊኒየር ሰም አሳይንመንትን ቢያስኬድ፣ ማንም ከ11 ደቂቃ በላይ ከማይጠብቅባቸው ምደባዎች መካከል ድምሩ ያነሰውን ያገኛል። ሰው በሚጠብቅበት ሥራ ላይ ይህ ተጨማሪ እርምጃ በጣም የሚክስ ነው።

«ትርፍን ወደ ወጪ ለመቀየር አንድን ለቁጥሩ ማካፈል»

ይህ መልሱን ይቀይረዋል። የትርፍ ማትሪክሱ የመጀመሪያ ረድፍ 10 እና 6፣ ሁለተኛው 5 እና 2 ቢሆን፣ ትልቁ ድምር 10 ሲደመር 2፣ ማለትም 12 ነው። ሌላኛው ጥምረት 11 ይሰጣል። ቁጥሮቹ ተገልብጠው 0.1፣ 0.167፣ 0.2 እና 0.5 ሲሆኑ ግን የመጀመሪያው ጥምረት 0.6፣ ሁለተኛው 0.367 ስለሚሆን ላይብረሪው የ11ዱን ይመርጣል። ስህተቱ ኤረር አያወጣም፤ ለዚህ ነው ለወራት ሳይታይ የሚቀመጠው።

ትክክለኛው መንገድ የቁጥሮቹን ምልክት ወደ ኔጌቲቭ መቀየር፣ ወይም እያንዳንዱን ቁጥር ከትልቁ ላይ መቀነስ ነው። በሳይፓይ «ማክሲማይዝ» የሚለውን አማራጭ «ትሩ» ማድረግ ብቻ ይበቃል። ኔጌቲቭ ወጪ ችግር አይፈጥርም።

«የተከለከለን ጥንድ በተቻለ መጠን በትልቅ ቁጥር መሙላት»

ብዙ የቆዩ የኮድ ምሳሌዎች አንድ ሠራተኛ የማይችለውን ሥራ በጣም ግዙፍ በሆነ ቁጥር ይሞሉታል። ምክንያት ነበረው፦ ከሳይፓይ 1.4 በፊት ፈንክሽኑ ኢንፊኒቲን (ወሰን የለሽ ዋጋን) አይቀበልም ነበር። በዚያ እትም በሲ ፕላስ ፕላስ እንደገና ሲጻፍ ግን መቀበል ጀመረ። ዛሬ የተከለከለውን ጥንድ በናምፓይ ኢንፊኒቲ መሙላት ይቻላል፤ የተሟላ ምደባ ከሌለ ፈንክሽኑ ማትሪክሱ ሊፈታ እንደማይችል ገልጾ «ቫልዩ ኤረር» ይጥላል። ማክሲማይዝ ስታደርጉ ክልከላው ኔጌቲቭ ኢንፊኒቲ መሆን አለበት። «ናን» (ቁጥር ያልሆነ ዋጋ) የሆነ ሴል ግን በየትኛውም መንገድ ተቀባይነት የለውም፤ ከዳታቤዝ የመጣ ባዶ ቦታ ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ይገባል።

ግዙፍ ቁጥር ራሱ አደጋ አለው። ባለ 64 ቢት ፍሎት (ኮምፒውተር የነጥብ ቁጥር የሚይዝበት ዓይነት) ሙሉ ቁጥሮችን አንድ በአንድ የሚለየው እስከ 9,007,199,254,740,992 ድረስ ነው። 1 ተከትሎ 18 ዜሮ ያለው ቁጥር አካባቢ ሁለት ተከታታይ ፍሎቶች በ128 ይራራቃሉ፤ ስለዚህ በዚያ ቁጥር ላይ 4 ብትደምሩም 9 ብትደምሩም ውጤቱ አንድ ነው። አልጎሪዝሙ ወጪዎችን እየደመረና እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ የተከለከለ ሴል በስሌቱ ውስጥ በገባ ቁጥር ትንንሾቹ ልዩነቶች ይጠፋሉ።

ቅጣት፣ ማለትም በተከለከለው ጥንድ ቦታ የሚገባ ትልቅ ቁጥር፣ መጠቀም የግድ ከሆነ መጠኑን አስሉት። ከትልቁ ወጪ ላይ ትንሹን ቀንሱ፣ በሚመደቡት ጥንዶች ብዛት አባዙ፣ ትልቁን ወጪ ጨምሩበት፤ ቅጣቱ ከዚህ ከበለጠ ይበቃል። ለ200 ሠራተኞችና ከ0 እስከ 120 ለሚደርስ ወጪ ስሌቱ 24,120 ይመጣል፤ ስለዚህ 25,000 በቂ ነው። ከዚያ በኋላ ከተመረጡት ጥንዶች ውስጥ ቅጣት የያዙትን አውጡ፤ እነዚህ ሳይመደቡ የቀሩ ናቸው።

«መጀመሪያ መፍታት፣ ከዚያ የራቁትን መጣል»

በቪዲዮ ላይ የሚንቀሳቀሱ ነገሮችን የሚከታተሉ ፕሮግራሞች በየፍሬሙ አሮጌውን ዱካ ከአዲሱ ግኝት ጋር ያጣምራሉ፤ ከተወሰነ ርቀት በላይ ያለ ጥንድ ውድቅ ነው። ብዙ ሰው ማጣሪያውን ከመፍታት በኋላ ያደርገዋል። ጣሪያው 10፣ ርቀቶቹም በመጀመሪያው ረድፍ 3 እና 9፣ በሁለተኛው 9 እና 14 ይሁኑ። ላይብረሪው 3 እና 14ን ይመርጣል፤ ድምራቸው 17 ስለሆነ ከ9 እና 9 ድምር፣ ከ18፣ ያንሳል። ከዚያ ማጣሪያው 14ን ይጥልና አንድ ዱካ ብቻ ይቀራል። የ14ቱ ሴል ከመፍታት በፊት በቅጣት ተተክቶ ቢሆን ኖሮ መልሱ 9 እና 9 ይሆንና ሁለቱም ዱካዎች ይቀጥሉ ነበር። ማጣሪያው መግባት ያለበት ከመፍታት በፊት ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግምት አለ፦ ላይብረሪው የማያዋጣውን ጥንድ በራሱ ይተወዋል የሚል። አይተወውም። ማትሪክሱ 5 በ8 ከሆነ፣ ሁሉም ወጪ የማይረባ ቢሆን እንኳ 5 ጥንዶች ይሰጣል። «ባዶ መቅረት» እንዲፈቀድ ከፈለጋችሁ ለባዶነት ዋጋ ስጡት። ማትሪክሱን ወደ 13 በ13 አስፉት፦ የላይኛው ግራ ክፍል እውነተኛው ወጪ ነው፤ በላይኛው ቀኝ ባለው 5 በ5 ውስጥ የረድፎቹ ያለመመደብ ዋጋ በሰያፉ ላይ ይቀመጥና ሌላው ኢንፊኒቲ ይሆናል፤ በታችኛው ግራ ባለው 8 በ8 ውስጥ የዓምዶቹ ዋጋ እንዲሁ፤ የታችኛው ቀኝ በሙሉ ዜሮ። ይህ ሁልጊዜ መፍትሔ አለው። ወጪው ከረድፉና ከዓምዱ ያለመመደብ ዋጋዎች ድምር የሚበልጥ ጥንድም በፍጹም አይመረጥም።

«ሁለተኛው ውጤት የሠራተኞቹን ሥራ በቅደም ተከተል ይሰጣል»

ረድፎቹ ከዓምዶቹ ካልበለጡ ብቻ። ሳይፓይ የሚመልሰው ሁለት ዝርዝር ነው፦ የረድፍ ቁጥሮችና የዓምድ ቁጥሮች። አምስት ሠራተኛና ሦስት ሥራ ሲኖር ሁለቱም ዝርዝሮች ሦስት ሦስት ቁጥር ብቻ ይይዛሉ። በዓምድ ዝርዝሩ ሦስተኛው ቦታ ላይ ያለው ሥራ የሦስተኛው ሠራተኛ ሳይሆን፣ በረድፍ ዝርዝሩ ሦስተኛው ቦታ ላይ ለተጻፈው ሠራተኛ ነው። ሁለቱን ዚፕ አድርጎ (ጎን ለጎን አጣምሮ) ማንበብ ይህን ስህተት ከሥሩ ይነቅለዋል። ካሬ ባልሆነ ማትሪክስ ላይ ዜሮ ረድፍ መጨመርም አያስፈልግም፤ ሳይፓይ እንዳለ ይቀበለዋል።

«ካሬ ማትሪክስ ከሆነ የሁለት ላይብረሪዎች ምደባ አንድ መሆን አለበት»

እኩል ድምር ያላቸው ብዙ ምደባዎች ሊኖሩ ይችላሉ። የእኛው ትንሽ ማትሪክስ እንኳ ድምራቸው 26 የሆነ ሁለት ምደባዎች አሉት። በቴስት ኮድ ውስጥ ማን ለማን እንደደረሰ ሳይሆን ጠቅላላ ወጪውን አወዳድሩ፤ ድምሩንም ቅጣት ከገባበት ሳይሆን ከመጀመሪያው ማትሪክስ ላይ አስሉት።

«ሳይፓይ የሃንጋሪውን ዘዴ ስለሚጠቀም ለትልቅ ችግር አይሆንም»

ሃሮልድ ኩን በ1955 ያሳተመው ዘዴ በሃንጋሪያውያኑ ኮኒግ እና ኤገርቫሪ ሥራ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ያን ስም ሰጠው። የዛሬው ሳይፓይ ግን የሚሠራው በተሻሻለ የጆንከር-ቮልጄናንት አልጎሪዝም ነው። ጊዜው በከፋው ሁኔታ በረድፉ ቁጥር ሦስተኛ ኃይል ያድጋል፦ ማትሪክሱ በሁለቱም ጎን እጥፍ ሲሆን ሥራው እስከ ስምንት እጥፍ ይደርሳል።

ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ግን ሜሞሪው ነው። 10,000 በ10,000 ማትሪክስ 800 ሜጋባይት ይይዛል፤ 50,000 በ50,000 ደግሞ 20 ጊጋባይት። እያንዳንዱ ረድፍ በእውነት የሚችላቸው ሥራዎች 20 ያህል ከሆኑ የሚያስፈልገው አንድ ሚሊዮን ቁጥር ብቻ ነው። ለዚህ ከሳይፓይ 1.6 ጀምሮ «ሚን ዌይት ፉል ባይፓርታይት ማቺንግ» አለ። አንድ ወጥመድ ግን ልብ በሉ፦ በስፓርስ ማትሪክስ (ያሉትን ጥንዶች ብቻ በሚያስቀምጥ ማትሪክስ) ዜሮ ማለት «ግንኙነት የለም» ማለት ነው። ወጪው በእውነት ዜሮ የሆነ ጥንድ ካላችሁ፣ በሁሉም ነባር ጥንዶች ላይ 1 ጨምሩ። የጥንዶቹ ብዛት ቋሚ ስለሆነ ምርጫው አይቀየርም፤ ከድምሩ ላይ የጥንዶቹን ብዛት ትቀንሳላችሁ።

«ኦአር-ቱልስም ያንኑ ማትሪክስ እንዳለ ይወስዳል»

ሦስት ልዩነቶች አሉ። ወጪው ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት፤ ስለዚህ 12.75ን በ1,000 አባዝታችሁ አጠጋጉ እንጂ አትቁረጡ። 200 ጥንዶች በዚህ መንገድ ሲፈቱ፣ የተገኘው ምደባ ከእውነተኛው ዝቅተኛ ወጪ ቢበዛ በ0.2 ይርቃል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ወገኖች እኩል ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ የጎደለውን በዜሮ ወጪ በሚገናኙ የይስሙላ ረድፎች ሙሉ፣ አለበለዚያ «ኢንፊዚብል» ይመልሳል። ሦስተኛ፣ ውጤቱን ከማንበባችሁ በፊት ስታተሱን ፈትሹ፤ ወጪዎቹ ከልክ በላይ ትልቅ ሲሆኑ «ፖሲብል ኦቨርፍሎው» ይላል። በሌላ በኩል የተከለከለን ጥንድ እዚህ በቁጥር መግለጽ አያስፈልግም፤ ግንኙነቱን አለመጨመር በቂ ነው።

«መልሱ 0 ወይም 1 ስለሆነ የኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ መፍቻ ያስፈልጋል»

ለንጹሁ ምደባ አያስፈልግም። የገደቦቹ ቅርጽ ራሱ የተራውን ሊኒየር ፕሮግራም ማዕዘኖች ሁሉ 0 እና 1 ያደርጋቸዋል። አንድ ሠራተኛ እስከ 5 ሥራ መውሰድ ቢችልም ረድፉን አምስት ጊዜ መድገም፣ ወይም በኦአር-ቱልስ «ሲምፕል ሚን ኮስት ፍሎው» ውስጥ የሠራተኛውን አቅም 5 ማድረግ ይቻላል። ነገሩ የሚቀየረው «ከእነዚህ አራት ሠራተኞች ከሁለት በላይ አይመረጡ» ወይም «እነዚህ ሁለት ሥራዎች ለአንድ ቡድን ይሰጡ» የሚሉ ተደራራቢ ገደቦች ሲመጡ ነው። እንዲህ ያሉት ያን ቅርጽ ሊያፈርሱት ይችላሉ፤ ያኔ የኦአር-ቱልስ «ሲፒ-ሳት»፣ የተለያዩ ገደቦች ያሉባቸውን የሙሉ ቁጥር ችግሮች የሚፈታው መፍቻ፣ ተገቢው መሣሪያ ይሆናል።