የመጀመሪያው እጅ ቀለም እስኪደርቅ

ትምህርት ቤት በተዘጋ በመጀመሪያው ሰኞ ማቀዝቀዣው በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። 11 ሥራዎች ተዘርዝረውበታል። የልጆቹን ክፍል ቀለም መቀባት፣ የሚወዛወዘውን የደረጃ መደገፊያ ማጥበቅ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ መሥራት፣ ዕቃ ቤቱን ማጽዳት፣ ወዘተ። ባለቤቴ አነበበችውና «ልጆቹስ ምን ያደርጋሉ?» አለችኝ።

«ይጫወታሉ» አልኳት።

መልሴ ትክክል ነበር። ትክክል የሆነበት ምክንያት የገባኝ ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ዘዳግም 6፥7ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። እግዚአብሔር ቃሉን ለልጆቻችን እንድናስተምር ካዘዘ በኋላ እንዲህ ይላል፦ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም ተጫወተው።» ይህችን «ተጫወተው» የምትል ቃል ስንት ጊዜ ዘልዬ እንዳለፍኳት! የዕብራይስጡ ሐሳብ «ስለ እርሱ ተናገር» የሚል ነው። የቀደሙት ተርጓሚዎቻችን ግን «ተጫወተው» አሉት። ደግ አደረጉ። በእኛ ቋንቋ ልጅ ኳስ ሲያባርር ጨዋታ ነው፤ ሁለት ሰዎች ቁጭ ብለው ሲያወጉም ጨዋታ ነው። «ና እስቲ እንጫወት» የሚልህ ሽማግሌ ኳስ ይዞ አይመጣም።

እንግዲህ የእግዚአብሔር ቃል ለልጆች የሚተላለፍበት ዋናው መንገድ ጨዋታ ነው ማለት ነው። ጥቅሱ የሚጠቅሳቸውን አራት ጊዜያት ደግሞ ተመልከቱ። መቀመጥ፣ መሄድ፣ መተኛት፣ መነሣት። አንዱም የክፍል ሰዓት አይደለም። አንዱም «ዛሬ ማታ ሁለት ሰዓት የቤተሰብ ጥናት አለ» አይልም። (የቤተሰብ ጥናት መልካም ነው፤ እኛም ቤት አለ። ግማሹ ሰዓት ትንሿን ልጄን «ተቀመጪ» በማለት ያልቃል።)

በትምህርት ወራት እነዚህ አራት ጊዜያት የጥድፊያ ናቸው። ስንነሣ እንሯሯጣለን፣ ስንሄድ ዘግይተናል፣ ስንተኛ ደክሞናል። ዕረፍቱ ሲመጣ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ቤት ናቸው፣ ጊዜም አለ። እኛ ወላጆች ታዲያ ያንን ጊዜ በምን እንሞላዋለን? እኔ በ11 ሥራዎች ሞላሁት።

የመጀመሪያው ቀን የቀለም ሥራ እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ብሩሹን እስከ እጀታው ቀለሙ ውስጥ ነከረችው። ወለሉ ላይ ተንጠባጠበ። የ11 ዓመቱ ወንድሟ ሮለሩን እንደ መጥረጊያ ነው የሚገፋው። እኔ ደግሞ እስከ ማታ መጨረስ አለብኝ ብዬ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሁለት ጊዜ ታገሥኩ። በሦስተኛው ጮኽኩ። «በቃ! ውጡልኝ፣ እኔ ልሥራው!» ብሩሹን ከእጇ ነጠቅኳት። ሁለቱም ዝም ብለው ወጡ። ማታ ላይ ግድግዳው የመጀመሪያውን እጅ ቀለም ጠጥቶ አምሮ ነበር። እራት ላይ ግን ማንም አላወራም።

ማርታን ሁልጊዜ ከማርያም ጋር እያወዳደርን እንሰብክባታለን። እኔ ማርታን እወዳታለሁ። ጌታም የነቀፈው ምግብ ማዘጋጀቷን አልነበረም። «ማርታ፥ ማርታ፥ በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ ትታወኪማለሽ» ነው ያላት። ችግሩ ብዙ ነገሩ ነው፣ ጭንቀቱ ነው። ሥራው ለጌታ ተብሎ ተጀመረ፤ መሐል ላይ ግን ጌታ ራሱ ቤቷ ተቀምጦ ሥራው በለጠባት። እኔም ክፍሉን የምቀባው ለልጆቼ ብዬ ነበር። ለልጆቼ ስል ልጆቼን አባረርኩ።

በዚያው ሳምንት ነህምያ ምዕራፍ 3ን አነበብኩ። ይህ ምዕራፍ የስም ዝርዝር ስለሆነ ብዙ ሰው ዘሎት ያልፋል። የኢየሩሳሌም ቅጥር ሲጠገን ማን ከማን አጠገብ እንደሠራ የሚናገር ነው። ወርቅ አንጥረኞች ድንጋይ ያነሣሉ። ሽቱ ቀማሚ ግንበኛ ሆኗል። ብዙዎቹ «በቤታቸው አንጻር» ያለውን ቅጥር ጠገኑ ይላል፤ እያንዳንዱ በደጁ ያለውን። በቴቁሐ ሰዎች መካከል ደግሞ ታላላቆቹ አንገታቸውን ለሥራው አላዋረዱም። ቁጥር 12 ላይ አንድ ሰው አለ፤ ሰሎም ይባላል። የኢየሩሳሌም ግዛት እኩሌታ አለቃ ነው። ባለሥልጣን ነው፣ ሠራተኛ አሰልፎ ማዘዝ የሚችል። እርሱ ግን «ከሴቶች ልጆቹ ጋር» ጠገነ።

ይህን ያህል ብቻ ነው የተጻፈው። ልጆቹ ስንት እንደነበሩ፣ ዕድሜያቸው ስንት እንደሆነ አልተነገረንም። እኔ ግን አለቃው እጁ በጭቃ ተለውሶ፣ ሴት ልጁ ድንጋይ እያቀበለችው ሳስበው ልቤ ይሞቃል። በእርግጠኝነት ልጆቹ ባይኖሩ ሥራው ይፈጥንለት ነበር ብዬ ላስብ ነበር። ግን ቅጥሩ በ52 ቀን ተጠናቀቀ (ነህምያ 6፥15)። ከብዙ ልጆች የትምህርት ዕረፍት ጋር የሚቀራረብ ጊዜ ነው። ያ ሥራ ሲያልቅ ለሰሎም ልጆች ቅጥሩ ከድንጋይ በላይ ነበር። በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር «ይቺን እኮ እኔና አባዬ ነን ያስቀመጥናት» የሚሉባት ቦታ አለቻቸው።

ስለዚህ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አወረድኩት። አልቀደድኩትም፤ ያን ያህል መንፈሳዊ አይደለሁም። ቅደም ተከተሉን ግን ቀየርኩት። መጀመሪያ የደረጃው መደገፊያ ሆነ። እዚህ ላይ ዘዳግም 22፥8 ረዳኝ። አዲስ ቤት ስትሠራ ሰው ወድቆ ደሙ በቤትህ ላይ እንዳይሆን ለጣሪያህ ዙሪያ መከታ አድርግ ይላል። እግዚአብሔር ስለ መሥዋዕትና ስለ በዓላት በተናገረበት ሕግ ውስጥ ስለ ጣሪያ ጠርዝ ተናገረ! የተፈታ ብሎን ማጥበቅ፣ መድኃኒትና የጽዳት ኬሚካል ልጅ የማይደርስበት ቦታ መስቀል፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ በባለሙያ ማስቀየር ፍቅር ነው። ልጄ ካቻቢቴውን እያቀበለኝ «ይሄን ለምንድነው የምናጠብቀው?» አለኝ። ጥቅሱን ነገርኩት። «መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይሄ አለ እንዴ?» ብሎ አላመነኝም። አምጥቶ አነበበው። በሕይወቱ ዘዳግምን በራሱ ፈቃድ ሲከፍት ያየሁት ያኔ ነው።

ልጆችን በሥራ ስታሳትፉ እውነተኛ ሥራ ስጧቸው። ልጅ የማስመሰያ ሥራ ሲሰጠው ያውቃል። ትንሿ ልጄ ብሎን ቆጥራ ታቀብላለች፣ ትጠርጋለች፣ የታችኛውን ግድግዳ ትቀባለች። ትልቁ በሜትር ይለካል፣ ውሃ ልኩን ይዞ «አሁን ልክ ነው» የሚለው እርሱ ነው። መደርደሪያችን በመጠኑ ወደ ግራ ያዘነብላል። አንድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ላስተካክለው ተነሥቼ ነበር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። ምንም አላለችም። መዶሻውን አስቀምጬ ተኛሁ።

ሙያ ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ማስተማር ሌላ። እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን የሠራውን ባስልኤልን ስሙን ጠርቶ በመንፈሱ እንደሞላው ዘጸአት 31 ይነግረናል። ነቢይ አይደለም፣ ካህንም አይደለም። እንጨት ጠራቢ፣ ድንጋይ ቀራጭ፣ ወርቅ ሠሪ ነው። ዘጸአት 35፥34 ላይ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል፦ ለእርሱና አብሮት ለሠራው ለኤልያብ የማስተማርን ነገር በልባቸው አኖረ። ማለትም ትዕግሥቱም ስጦታ ነው። መዶሻ ከማንሣቴ በፊት አሁን የምጸልየው ይህንን ነው። «ጌታ ሆይ፣ ሥራውን አሳምርልኝ» እል ነበር። አሁን «ጌታ ሆይ፣ አፌን ጠብቅልኝ» እላለሁ።

ደግሞ ዘጸአት 31ን ስታነቡ ቁጥር 11 ላይ አታቁሙ። የድንኳኑ ሥራ ትእዛዝ እንዳለቀ ወዲያው የሚከተለው የሰንበት ትእዛዝ ነው። የእግዚአብሔር ማደሪያ ሥራ እንኳ በሰባተኛው ቀን ይቆማል። በአሥርቱ ትእዛዛት ውስጥ ደግሞ ከሚያርፉት መካከል «ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ» ተብሎ ተጠርቷል። አባት ቢያርፍና ልጆች ቢሠሩ፣ ወይም ልጆች አርፈው እናት ጓዳ ብትውል፣ ሰንበቱ አልተከበረም። እኛ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ብሩሽ አይነሣም። ግማሽ የተቀባ ግድግዳ እያዩ መዋል ለእኔ ዓይነቱ ሰው ጾም ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው ልመለስ። ዋናው ነገር የሆነው እዚያ ነው።

ቀለም የሚቀባ ሰው እንደሚያውቀው ሁለተኛው እጅ የሚቀባው የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላ ነው። በጥድፊያ የመጀመሪያውን ቀን ከቀባሁት ግድግዳ አንዱ ጥግ ተላጠ። ሳላጥበው፣ አቧራና ቅባቱን ሳላነሣ ከላዩ ለቅልቄው ነበር። እንደገና መፋቅ አለበት። በዚህኛው ዙር ልጆቹን ጠራኋቸው። ሦስታችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን እንፍቃለን። ትንሿ ልጄ ሦስት ዓመቷ ሳለች በእርሳስ የሞነጫጨረችው ሥዕል ከሥር ብቅ አለ።

«አባዬ፣ ሥዕሌ አልጠፋም ነበር እንዴ?»

«አልጠፋም። ተሸፍኖ ነው እንጂ።»

ትንሽ አሰበች። «እግዚአብሔር ይቅር ሲለን እንደዚህ ከላይ ቀለም ይቀባል?»

ወንድሟ ቀደመኝ። «አይ፣ እርሱ ያጥባል። ዳዊት እጠበኝ ብሏል እኮ።»

እጄ ቆመ። ይህን ጥያቄ በየትኛውም የቤተሰብ ጥናት ሰዓት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መዝሙር 51 ላይ ዳዊት «እጠበኝ» ይላል፤ ልጄ ልክ ነው። መዝሙር 32 ላይ ግን ኃጢአቱ የተከደነለት ሰው ብፁዕ ነው ይላል። ታዲያ ይታጠባል ወይስ ይሸፈናል? መጽሐፉን አመጣንና ወለሉ ላይ ዘረጋነው፤ ገጹ ላይ እስከ ዛሬ የነጭ ቀለም ጣት አለበት። መዝሙር 32ን ዝቅ ስትሉ ዳዊት ዝም ባለ ጊዜ አጥንቱ እንዳረጀ ይናገራል። ከዚያ ቁጥር 5 ላይ «በደሌንም አልሸፈንሁም» ይላል። እዚያው መዝሙር ውስጥ ሰውዬው መሸፈን ሲያቆም እግዚአብሔር ይሸፍንለታል። ሰው ሳያጥብ ከላይ ሲለቀልቅ ይላጣል። እግዚአብሔር ሲከድን ግን በይቅርታው ያነጻውን ነው የሚከድነው።

ይህን እያስረዳኋቸው ሳለ የራሴ ጥግ ታየኝ። ያን ቀን ከጮኽኩባቸው በኋላ ይቅርታ አልጠየቅኩም ነበር። በማግስቱ ጣፋጭ ገዝቼ መጣሁ፤ ለቀለቅሁት ማለት ነው። ጳውሎስ አባቶችን ልጆቻችሁን አታስቈጡ ያለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። «ያን ቀን ብሩሹን ስነጥቅሽ ጥፋት ነበር። አንተም ላይ ጮኼብሃለሁ። ይቅር በሉኝ» አልኳቸው።

ትልቁ አንገቱን ደፍቶ መፋቁን ቀጠለ። «እሺ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ትንሿ ግን «እኔ እኮ ረስቼው ነበር» አለችኝ። ከዚያ ጥቂት ቆይታ «ግን አልቅሻለሁ» አለች።

አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ በተለይ ጎረምሳ ልጅ ላላችሁ። ፊት ለፊት አስቀምጠኸው «ንገረኝ እስቲ፣ ምን ሆነሃል?» ስትለው ልጁ ይዘጋል። ጎን ለጎን ሆናችሁ ዓይናችሁ ምስማሩ ላይ ሲሆን ግን ወሬው በራሱ ይመጣል። ዝምታው አይከብድም፤ እጅ ሥራ ላይ ነዋ። በዚህ ዕረፍት ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ጓደኞቹ፣ አንዳንዴ ስለሚፈራው ነገር ከልጄ የሰማሁት ሁሉ መጋዝና ብርጭቆ ወረቀት ይዘን ነው።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ውለው ማታ የሚገቡ ወላጆች፣ ልጆቻቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች ይህን ሲያነቡ «ለእኔ የት ጊዜ አለኝ?» ይሉ ይሆናል። ቀለምና መደርደሪያ ግዴታ አይደለም። የተበጠሰ ቁልፍ መትከልም ሥራ ነው። ልብስ ማጣጠፍም ሥራ ነው። ሃያ ደቂቃ አብሮ ማጣጠፍ ይበቃል፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ካለ።

«እግዚአብሔር ቤትን ካልሠራ ሠራተኞች በከንቱ ይደክማሉ» የሚለው መዝሙር 127 (በግዕዙ 126) ሁለት ቁጥር ወረድ ብሎ ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው ይላል። ድሮ ሁለት የተለያዩ ስብከቶች ይመስሉኝ ነበር፤ አንዱ ስለ ቤት፣ አንዱ ስለ ልጆች።

ወረቀቱ ላይ ከ11ዱ የተሰረዙት አራት ናቸው። ዕረፍቱ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀረው። ዕቃ ቤቱ እንዳለ ነው፤ ባለቤቴም ማስታወሷን አላቆመችም። የተላጠው ጥግ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን እጅ ተቀብቷል። ነገ ጠዋት ሁለተኛው ነው። ትንሿ ልጄ ብሩሹን አጥባ ትራሷ አጠገብ አስቀምጣ ተኝታለች፤ እንዳልቀድማት።