የፍጥነት ሥልጠና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አትሌቶች

የፍጥነት ሥልጠና አትሌቱ ከቆመበት በቶሎ እንዲፈተለክ፣ ከፍተኛ ፍጥነቱን እንዲያሳድግና ያንኑ ለጥቂት ሰከንዶች ጠብቆ እንዲዘልቅ የሚያዘጋጅ የልምምድ ዘርፍ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ዘንድ ለአጭር ርቀት ሯጮች ብቻ ሳይሆን ለእግር ኳስ፣ ለቅርጫት ኳስና ለዝላይ ተወዳዳሪዎችም ይሰጣል።

የሩጫ ፍጥነት የእርምጃ ርዝመትና የእርምጃ ድግግሞሽ ብዜት ነው። ሁለቱንም የሚወስነው እግር መሬቱን የሚገፋበት ኃይልና ግፊቱ የሚፈጀው ጊዜ ሲሆን፣ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ያለ ምርጥ ሯጭ እግሩ መሬት ላይ የሚቆየው ለአንድ አሥረኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ዩሴን ቦልት በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ9.58 ሰከንድ ሲሮጥ ከሁሉ የፈጠነው ከ60ኛው እስከ 80ኛው ሜትር ባለው ክፍል ነበር። ተማሪ ሯጭ ግን ከፍተኛ ፍጥነቱ ላይ የሚደርሰው ከዚያ ቀደም ብሎ በመሆኑ፣ ለአነሳስ ከ10 እስከ 30 ሜትር፣ ለከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ በመንደርደሪያ የሚጀመር የ20 ሜትር ሩጫ ይበቃዋል።

በዚህ ሥልጠና በብዛት የሚታየው ስሕተት ድካምን ከፍጥነት ጋር ማምታታት ነው። በሙሉ ኃይል ለሚደረግ አጭር ሩጫ ጡንቻ የሚጠቀምበት ፈጣን የኃይል ክምችት በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ተሟጦ ለመተካት ደቂቃዎችን ይፈልጋል፤ ስለዚህም ብዙ አሰልጣኞች ለእያንዳንዱ 10 ሜትር አንድ ደቂቃ ያህል እረፍት ይሰጣሉ። ከሜዳው ዳር ለሚመለከት ሰው ሦስት ደቂቃ ቆሞ 30 ሜትር የሚሮጥ ተማሪ የሰነፈ ይመስለዋል። እረፍቱ ሲያጥር ግን ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ መንጋጋ ይጠብቃል፣ ተረከዝ መሬት መንካት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የሚሮጠው ሁሉ የጽናት ልምምድ እንጂ የፍጥነት አይደለም። ጠንካራ ልምምዶችም በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ 48 ሰዓት እየተራራቁ፣ ሰውነት በደንብ ከተሟሟቀ በኋላ ይከናወናሉ።

ዕድሜው የራሱ ጣጣ አለው። ቁመት በፍጥነት የሚጨምርበት ወቅት በሴቶች በ12፣ በወንዶች በ14 ዓመት አካባቢ ነው፤ እግር ከግንደ አካል ቀድሞ ስለሚረዝም ትናንት ቅልጥፍ ይል የነበረው ተማሪ ለወራት ያህል የተንገዳገደ አሯሯጥ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ወቅት ከጉልበት በታች የሚሰማ ሕመም በዝላይ ልምምድ ስለሚባባስ ጫናውን መቀነስ ይገባል። የጭን የኋላ ጡንቻ በከፍተኛ ፍጥነት ሩጫ ላይ በቀላሉ የሚጎዳ በመሆኑ፣ ተንበርክኮ ሰውነትን ቀስ እያሉ ወደ ፊት የማውረድ ልምምድ ይመከራል።

ውጤት ሲመዘገብ የአለካኩ ዓይነት አብሮ ይጻፋል። በ100 ሜትር በእጅ የተያዘ ሰዓት ከኤሌክትሮኒክስ መለኪያ በ0.24 ሰከንድ ገደማ ያነሰ ስለሚያሳይ፣ መለኪያው ከተለወጠ ተማሪው ሳይፈጥን የፈጠነ ሊመስል ይችላል።